የጋሽ በላቸው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ልጅ ከማህሌት ጋር መካኒሳ ታክሲ እንደተሳፈርን፣ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ገልጣ «አክስቴ፣ ሴንሹር ምንድነው? ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ተብለናል» አለችኝ። ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ወንበሩ አልመቸኝ አለ።

በሃያ ዓመቴ እዚሁ ንፋስ ስልክ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ታይፒስት ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው ስለነበሩ ደብዳቤው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የነሐሴ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ በላቸው፣ ካፖርታቸው ዝናብ እያንጠባጠበ፣ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

በልቤ አነበብኩት፤ ጣሪያው አፍስሶ ለተበላሸው ሳሙና ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ይህ ሴንሹር ነው፤ ካልተቀበሉት በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሱ ይላል። ሴንሹር ተራ ቁጣ መሰላችሁ? ቁጣ ይበርዳል። ይሄ ግን በይፋ ተወቅሰህ፣ ወቀሳው ፋይልህ ውስጥ ገብቶ እስከ ጡረታ የሚከተልህ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ብለው ከሰኔ ጀምሮ ሲጮሁ ደግሞ ሁላችንም ሰምተናል። ፊታቸውን ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ምክር ነው ጋሼ፣ ስለ ጥንቃቄ» አልኳቸው።

«ተመስገን!» ብለው ደብዳቤው እንደደረሳቸው ፈረሙ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አራት ቀን ሄደ። በአምስተኛው ከሥራ ስወጣ ጭቃውን እየረገጥኩ ላፍቶ ቤታቸው ሄድኩ። ደስ ብሏቸው የተጠበሰ በቆሎ ሰጡኝ፤ እሱን እንደያዝኩ ሁሉንም ተናገርኩ።

ከዚያ «ወቀሳውንስ እችለው ነበር፤ መልስ አለኝ። መልሴን ለምን ቀማሽኝ?» አሉ።

ሌሊቱን መልሱን ጽፌ በማግሥቱ አብረን ገባን። «ቀኑ አልፏል» ተባልን። የአስተዳደር ኃላፊው «ደብዳቤውን ያነበበልዎት ማነው?» ሲላቸው አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ሳያዩ «ማንም። እኔው ነኝ ያልገባኝ» አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ኧረ ያን ዕለት ምላሴ የት ሄዶ ነበር!

ብስራተ ገብርኤል ስንወርድ ማህሌት «ዓረፍተ ነገሩስ?» አለች።

«ጻፊ» አልኳት። «ሴንሹሩ የተሰጠው ለጋሽ በላቸው ነው፤ የሚገባው ግን ለታይፒስቷ ነበር።»

እስክሪብቶዋን አቁማ «ታይፒስቷ ማናት?» አለችኝ።

ያው የዚያን ቀኑ ጥያቄ ነው፤ ጋሽ በላቸው ካረፉም ቆዩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።