የባጃጁ መርዶ

ይህ አፌ ጉድ አደረገኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አዳማ፣ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ባጃጅ ተሳፍሬ ሾፌሩ መስታወቱ ሥር ያስቀመጠውን መጽሐፍ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ወደ ጠፈር ስለተላከች ልጅ የሚተርክ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «አንብቡት» የምለው ልብ ወለድ ነው።

«እንዴት ያለ መጽሐፍ መሰለህ! መጨረሻ ላይ ልጅቷ እዚያው ስትሞት አላለቀስክም?» አልኩት።

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ምነው ልጄ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አሉኝ።

ግራ ገብቶኝ ሾፌሩን አየሁት።

«እናቴ ናት። ዓይኗ ስለማያይ እኔ ነኝ የማነብላት፤ ገና ግማሹ ጋ ነን» አለኝ። «ልጅቷ በሰላም እንድትመለስ ለገብርኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር።»