መጣመሙን የጨረሰ እንጨት

«የፈረሰ ቤት ጣውላ ደግሞ ለበር ይሆናል እንዴ፣ አባባ? እኔ አዲስ እያለኝ!» አለ ጎረቤታችን አናጢው።

«ያንተ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገና ይጣመማል። ይሄ ጥድ መጣመሙን ጨርሷል» አሉት አያቴ። ጣውላውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። እንዲህ ሳያዳምጡ ከፈረሰ ቤት አንድ እንጨት ገዝተው አያውቁም። ሚስማሩን ነቅለው በሩን በእጃቸው ሠሩት። ስንት ክረምት የእንጦጦ ዝናብ የሰፈሩን በር ሁሉ ሲያሳብጥ የእኛ ንቅንቅ አላለም።

አሁን ለመስኮት ብለው የገዙት ጣውላ ግድግዳው ሥር እንደተደገፈ ቀርቷል፤ የሚያንኳኳው የለም።

አናጢው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሊሄድ ሲነሣ በሩን በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ።

«ልክ ነበሩ» አለኝ።

ወጥቶ ሳበው፤ በሩ ክፍተት ሳይተው ገጥሞ ተዘጋ።