የጋፋት ዳገትና ሁለቱ መኪኖች

ነጅሚያ ሰባት ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠርታ ደብረ ታቦር ስትመለስ አንድ ሐሳብ ይዛ ነበር፤ የጋፋትን ድንች ገበያ የምታደርስበት መኪና ገዝታ ራሷ ልትነዳ። መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። አጎቷ ሐሰን ግን «የምመርጠውም የምነዳውም እኔ ነኝ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል።

ለሽያጭ የቀረቡት ነጭ ዲኤክስና ግራጫ ፔጆ ናቸው። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማቸው ነው። ነጅሚያ በደብተሯ ግራና ቀኝ ጻፈቻቸው። የዲኤክሱ ሞተር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ፣ የፔጆው ሁለት ሺህ። ዲኤክሱ ነዳጅ ይቆጥባል፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። ፔጆው ነዳጅ ይጠጣል፤ ጉልበቱ ግን ይበልጣል። ተንበርክካ ሆዳቸው ከመሬት የሚርቀውን በስንዝር ለካች። ፔጆው በሁለት ጣት በለጠ።

«ምነው፣ ቀሚስ ልትሰፊለት ነው?» አለ ደላላው ዘውዱ።

«ልኩን ሳላውቅ አልገዛም።»

«እንግዲያው ዳገቱ ይፍረድ» አሉ ሐሰን።

ጠዋት ስለዘነበ የጋፋት መንገድ ጭቃ ነበር። ዘውዱ ዲኤክሱን ሲያስነሳ ሐሰንና ሁለት ጓደኞቻቸው ከኋላ ተጠቅጥቀው ገቡ። መኪናው እያጓራ ወጣ። ፔጆውን ባለቤቱ ብቻውን ነዳው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው በባዶ ተሽከረከረና ቂጡን እየወዘወዘ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«አየሽ? ደብተር ዳገት አይወጣም!» ብለው ሐሰን ሳቁ።

የኩዌቷ እመቤትም እንዲህ ትስቅባት ነበር። ያኔ ወለል መወልወሏን ትቀጥል ነበር፤ አሁን ግን ወደ ሐሰን ዞረች።

«አጎቴ፣ ዲኤክሱ እኮ ሦስት ሰው ኋላው ላይ ተጭኖለት ነው የወጣው። የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ኋላው ሲቀል መሬት አይቆነጥጥም። ፔጆው ባዶውን ተፈረደበት።»

«እና ምን ይሁን?»

«እኔ የምጭነው ድንች ነው፤ ነፋስ አይደለም።»

መንገድ ዳር ከቆሙ ገበሬዎች ሁለት ጆንያ ድንች ተውሳ ፔጆው ኋላ አስጫነችና መሪውን ራሷ ያዘች። ሁለተኛ ማርሽ፤ ሳትቸኩል፣ ሳታቋርጥ። መኪናው አንዴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ጭቃውን ነክሶ ወጣ።

ተመልሳ ወርዳ ጆንያዎቹን ለባለቤቶቹ አስረከበች።

«ይሄን ነው የምገዛው» አለች።

ዘውዱ አቀርቅሮ ከሱሪው ላይ ጭቃ ማራገፍ ጀመረ። ውሉን ለመጻፍ ከተማ መሄድ ነበረባቸው፤ መንገዱም ያው ዳገቱ ነው። ሐሰን እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ፣ ቁልፉን አምጪ። እኔ ልንዳ።»

ነጅሚያ ቁልፉን በአንድ እጇ ጨብጣ በሌላው የኋላውን በር ከፈተችላቸው፤ ጎንበስም አለች።

«አንቱ ኋላ ይቀመጡ፣ አጎቴ። ክብደት ያስፈልጋል።»