ለመንቃቴ ዋስ የሆኑት ሰው

ይህ የሆነው ካቻምና ከጥምቀት በኋላ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልቤ ባስታወሰኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ልቤ ደግሞ ማስታወስ አይሰለቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልቤ በደህና ሲመታ ቆይቶ ድንገት አንድ ትርፍ ምት ጣል ያደርጋል። ከዚያ ዝም ይላል። ቀጥሎ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ድም ብሎ ይነሣል። መጀመሪያ ጊዜ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ደሴ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙም «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ትርፍ ምት ብዙ ሰው አለው» አለኝ። አመንኩት። ጋደም ባልኩ ቁጥር ግን እምነቴ ይቀንሳል።

የሐሞት ጠጠር ባይኖርብኝ ኖሮ ከልቤ ጋር በዚሁ ተቻችለን እንኖር ነበር። ጠጠሩ ሲነሣብኝ የፎቶ ኮፒ ሱቄን ዘግቼ መሬት ላይ እንከባለላለሁ። «በቀዶ ጥገና ካልወጣ አይተውሽም» ተባልኩና ለወራት ወረፋ ጠበቅኩ። ቢላው ብዙም አላስጨነቀኝም፤ የሚያስፈራኝ ማደንዘዣው ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተገኘ ከገጠር መጣ። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ ብፈርምም ሐኪሞቹ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ እንዲፈርም ይፈልጉ ነበር።

ጠዋት ማደንዘዣ የምትሰጠው ባለሙያ ወደ አልጋዬ መጣች። ወጣት ናት። የደሴውን ምርመራ አየችና እጄን ይዛ የደም ሥሬን ትርታ ታዳምጥ ጀመር።

«አዎ፣ ይኸው አንዷን ዘለለ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ጋሼ ተገኘ ሊፈርም የያዘውን ብዕር አስቀመጠ። «ምኑ ነው የዘለለው?»

«ልቧ። አያሳስብም፣ እናውቀዋለን።»

«ነቅታ እያለች የሚዘል ልብ፣ ስትተኛ ማን ሊቀሰቅሰው ነው?»

እኔ ለወራት ለማንም ያልተነፈስኩትን እሱ አፍረጥርጦ ተናገረው። ልጅቷ አልተቆጣችም። ልብ የሚከታተል መሣሪያ እንዳለ፣ እሷም እስክነቃ ከአጠገቤ እንደማትለይ አስረዳችው። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ሰማት፣ ሰማትና፣ «በጄ። እንግዲያው ዋስ ጥሪ» አላት።

«የምን ዋስ?»

«ለመንቃቷ ነዋ።»

«እኔው ዋስ ልሁን?»

«አንቺማ ባለጉዳይ ነሽ፣ ልጄ። ባለጉዳይ ለራሱ ዋስ አይሆንም።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ወንድሜ አንዴ ካለ አለ ነው። ወረፋዬ ካለፈ እንደገና ወራት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው፤ ጠጠሩ ደግሞ አይጠብቀኝም። «ጋሼ፣ ተው እንጂ» አልኩት። ዘወር ብሎም አላየኝ።

ይህን ጊዜ ከጎረቤት አልጋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የምንተዋወቀው በዓይን ብቻ ነው። ባለቤታቸው የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አገግማ፣ የዚያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ዕቃቸውን ሸክፈው ነበር።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አላቸው ወንድሜ።

«ሰይድ እባላለሁ፤ የከላላ ሰው ነኝ። ሚስቴን ያስተኛቻት ይቺው ልጅ ነች። አስተኝታ፣ ቀስቅሳ መልሳልኛለች። ኢንሻአላህ የርስዎንም ትመልሳለች። ካልመለሰች እኔን ይያዙ።»

ጋሼ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። ከዚያ እጅ ለእጅ ተመታቱ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ገበያ እንደ ወጣ በሬ በላዬ ላይ ተነጋግረው ጨረሱ። ጋሼም ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ።

ቀዶ ጥገና ክፍል ስጋደም መሣሪያው ጢጥ ጢጥ ይል ነበር። አንዴ ሳተ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ «ዋስ አለሽ፤ ተኚ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም።

ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሆዴን ይቆጠቁጠኛል። ከጋሼ በፊት ያየሁት የሽማግሌውን ፊት ነው። የከላላ መኪና የሚወጣው በጠዋት ስለሆነ አምልጧቸዋል። ባለቤታቸው አንገቷ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ የተሸከፈው ዕቃ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ራሱ «በቃ ይሂዱ፣ መንገድዎ አይሰናከል» ብሎ ለምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን «ዋስ የሆንኩላት ሰው ሳትቀርብ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው እምቢ አሉ።

«እስቲ ስምሽን ተናገሪ» አሉኝ።

«ዘነበች» አልኩ፣ ምላሴ እየተሳሰረ።

ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ይኸው ቀርባለች። ከዋስነት ወርጃለሁ። አልሐምዱሊላህ።»

ጋሼ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከሉት። የዚያን ዕለት አዳራቸው እኔ ቤት ሆነ፤ በማግስቱ ተሳፍረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ጠጠሩ ወጥቷል። ልቤ ግን እንደ ድሮው ይዘላል፣ ይነሣል። አልፈራም ብል ውሸት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ቀለል ብሎኛል።

በቅርቡ ጋሼን እየቀለድኩ ጠየቅኩት። «ባልነቃ ኖሮ እኚያን ሽማግሌ ምን ልታስከፍላቸው ነበር?»

አልሳቀም። «ምን አስከፍላቸዋለሁ? ያን ፊርማ ብቻዬን ተሸክሜ አገሬ እንዳልገባ ብዬ ነው እንጂ» አለኝ።

አሁን ያን ቀን ሳስብ ከራሴ ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል። እኔስ ተኝቼ ነበር።