አሮጌው በክብር ይሰናበት

ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ አሰብ ውስጥ በአንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ከመጋዘናችን ጣሪያ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ማማ ነበረች። ከዚያ ሆኖ ባሕሩን የሚጠብቅ ሰው መርከብ ሲመጣ ወደ ታች ይጣራል፣ እኛ ስልክ እንደውላለን፣ ጫኝና አውራጁ ይሰበሰባል። ጠባቂው የበይሉል ሰው ነበሩ። አፋር ናቸው፣ ስልሳን ያለፉ፣ ጉልምስናቸውን በጀልባ ላይ የጨረሱ። ሁላችንም «ዓሚ» እንላቸዋለን፤ በዐረብኛ «አጎቴ» እንደ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን «ኡስታዝ» ይሉኛል፣ ወረቀትና ብዕር ስለማይለየኝ።

ሩቁን የሚያዩበት ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ከሳቸው ባልተናነሰ ያረጀ ነበር። አሰብ ውስጥ ቢኖክሎ ነው የምንለው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን እንደ ማናቸውም መነጽር «መነጽር» ይባላል።

አንድ ቀን አለቃችን ሦስት ቢኖክሎ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። አንዱ አሮጌውን የሠራው የጀርመን ፋብሪካ አሻሽሎ ያወጣው ነው። ሌላው ከኤደን የመጣ ጃፓን ሠራሽ፣ ሦስተኛው አንድ መርከበኛ ጥሎት የሄደ የራሺያ። «ከአሮጌው ጋር አስተያይና የትኛው እንደሚበጅ ጻፍልኝ» አሉኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ማማው ላይ ከዓሚ ጋር ስጠበስ ዋልኩ። የጃፓኑ ለዓይን ያምራል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ማያያዣው ይላላና አንዱን ጀልባ ሁለት ያደርገዋል። የራሺያው ሲመሽም ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ግን ሁሉን ነገር ቢጫ ይቀባዋል፣ ክብደቱም የወፍጮ መጅ ነው። አዲሱ ጀርመን ቀላል ነው፣ መስታወቱ ሰማያዊ ነገር ስለተቀባ የባሕሩን ነጸብራቅ ይሰብራል፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለችውን ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ያስገባል። አሮጌው ደግሞ ቀለሙ ተልጦ ነሐሱ ወጥቷል። የቀኙን መስታወት የባሕሩ እርጥበት ሻጋታ አልብሶታል። ዓሚ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራው ብቻ የሚያዩት ለዚህ ነበር።

አዲሱን ሰጠኋቸውና አዩበት። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ቀላል ነው። ነፋስ ሲመጣ ባሕሩን ያንቀጠቅጠዋል። አሮጌው ከባድ ነው፣ ዝም ይላል።» ከዚያ አውርደው በባዶ ዓይናቸው ወደ ምሥራቅ አመለከቱኝ። «ኡስታዝ፣ እዚያ ጋ መርከብ አለ።» በአራቱም ተራ በተራ ፈለግሁት፣ አጣሁት። እሳቸው ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ ነው በአዲሱ ውስጥ ጭሱ ብቅ ያለልኝ።

ይህን መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት ጀምሬ ያቋረጥኩ፣ ካቋረጥኩት ይልቅ በጀመርኩት የምኩራራ። ስለ መስታወትና ስለ ክብደት መጻፍ ያንስብኝ መሰለኝ። ስለ ጃፓኑና ስለ ራሺያው በሁለት መስመር ተገላገልኩና መጨረሻው ላይ እንዲህ ብዬ አስጌጥኩት፦

«አሮጌው ብዙ ዘመን በታማኝነት አገልግሏል። ዛሬ ግን ዓይኑ ደክሟል፤ አንደኛውማ ጨርሶ ጠፍቷል። ማማው አዲስ ዓይን ይሻል። አሮጌው በክብር ይሰናበት።»

በማግስቱ አለቃችን አስጠሩኝ። ወረቀቱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ይስቃሉ።

«አንተ! እውነትም ጎጃሜ ነህ! ሰሙ መነጽር፣ ወርቁ ሽማግሌው! እኔም እኮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ እየታዘብኩት ነበር። ማን ደፍሮ ይንገረኝ? አንተ በቅኔ ነገርከኝ።»

ደነገጥኩ። «ጌታዬ፣ ወርቅ የለውም፤ ስለ መነጽሩ ብቻ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያደነቀኝ አለቃ አልነበረም። ደግሞ ወርቅ የሌለው ሰም ጻፍኩ ብሎ ማመን ለእንደኔ ዓይነቱ ሞት ነው። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ከእርስዎ ምን ይሰወራል» አልኳቸው።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ ዝም ብል እንኳ በተሻለ ነበር።

አንባቢ «እንዴት ሰውና ዕቃ ይምታታል?» ይል ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን አለቃችንን ስወቅስበት ኖሬያለሁ። በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓሚን አንቱ እያልኩ መጣሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ቢሮው በሙሉ «አንተ» ነበር የሚላቸው። ልጃቸው ሊሆኑ የሚችሉትን አለቃ አንቱ እያልን፣ እሳቸውን «መጣ፣ ሄደ፣ ጥራው»። እንደ ዕድሜያቸው አንቱ ብንላቸው ኖሮ «አገልግሏል» የሚለው ቃል እሳቸው ላይ አይገጥምም ነበር፤ «አገልግለዋል» ይሆን ነበርና። አለቃችን ዕቃና ሰው አላምታቱም። ለዕቃውና ለሰውዬው አንድ ግስ የሰጠነው እኛው ነን፣ እኔም ጭምር፤ በአገሬ ሽማግሌ አንተ ብል አባቴ በጥፊ የሚለኝ ሰውዬ።

ሳምንት ሳይሞላ ዓሚ የታጠፈ ደብዳቤ ይዘው ጠረጴዛዬ ዘንድ መጡ። አሮጌው ቢኖክሎ አንገታቸው ላይ ነው። አማርኛ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም።

«ኡስታዝ፣ ካፖው ሰጠኝ። እስኪ አንብብልኝ።» አለቃችንን በጣሊያንኛው «ካፖ» ነበር የሚሏቸው።

ከፈትኩት። ከላይ ስማቸው አለ፣ ከስሙ በታች የኔ ዓረፍተ ነገሮች፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ። አለቃችን ውበታቸውን ማበላሸት አልፈለጉም። ስማቸውን ዘልዬ ከታች ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ ዘመን በታማኝነት አገልግሏል። ዛሬ ግን ዓይኑ ደክሟል። አሮጌው በክብር ይሰናበት።

ዓሚ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሲያልቅ ፈገግ አሉና አንገታቸው ላይ ያለውን ነሐስ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ልክ ነው፣ ደክሟል። በክብር ማለቱ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሠርቷል። ቆንጆ ደብዳቤ ነው። ስለ ቢኖክሎው ነው፣ አይደል?»

በዚያ ቢሮ ውስጥ የጻፍኩትን በትክክል የተረዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አለቃችን ያሉበት ክፍል በሩ ክፍት ነው፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ተነሥቼ ገብቼ «ጽሑፉ ሰውዬው እንደተረዱት ነው» ማለት እችል ነበር። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም።

«አይ ዓሚ» አልኳቸው። «አንተን ነው።»