ያላጠበቅሁት ብሎን

ዛሬ ጠዋት፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሊሠራው የማይገባ ሞኝነት ሠራሁ። ሐኪሙ «ይንቀሳቀሱ» ስላለኝ የገዛኋትን አሮጌ ማውንቴን ሳይክል ጎረምሳ ላስመስላት ብዬ፣ ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ከሱቁ ሁሉ ወፍራሙን ጎማ መረጥኩ። ሻጩ «አባባ፣ ይሄ እኮ በእርስዎ ፍሬም ውስጥ አይገባም» ቢለኝ፣ «አንተ ሳትወለድ ጎማ ቀይሬያለሁ!» ብዬው ተሸክሜ መጣሁ። ኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ተዘርፍጬ ስታገል፣ ጎማው ከብረቱ እየተፋተገ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ፍሬኑም አላሳልፍ ሲለኝ እጄ ሳላዛት ሄዳ የፍሬኑን ብሎን መፍታት ጀመረች። ደነገጥኩ። ይህች እጅ ይህን ሥራ ድሮም ታውቀዋለች።

ዛሬ ፎቁ በቆመበት ልደታ፣ ያኔ ቤቶቹ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ተደጋግፈው፣ የአንዱ አሸንዳ የጎረቤቱን በርሜል ይሞላ ነበር። አጥር የምንጋራቸው ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጥቁር ሳይክላቸውን እየነዳች ልብሱን ለደንበኛ የምታደርሰው ልጃቸው ዘይነባ ነበረች፤ በሰፈራችን ሳይክል የምትነዳ ሴት እሷ ብቻ። በቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ጥቅሉን ከኋላ አስራ፣ ደወሏን እያንጫረረች ስታልፍ እኛ ጀግኖቹ ወንዶች አቧራዋን እየቃምን በእግራችን እንከተላት ነበር። የጋሽ ሰይድ ሕግ አንድ ነው፤ የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ብሎን ያያል። ዘይነባም ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ይዛ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሳትነካካ አትወጣም።

አንድ አርብ፣ ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ ሲወጡ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለ ጋራዥ ጓሮ ያገኘሁትን ወፍራም ጎማ ይዤ አጥሩን ዘለልኩ። ሳይክሏን ሞተር ላስመስላት! ፍሬኑን አላልቼ ጎማውን ባስጠጋው ብረቱ እምቢ አለ፤ ብገፋው፣ በሞረድ ብሞርደው፣ ብለምነውም እምቢ። የጋሽ ሰይድ ሳል ከደጅ ሲሰማ የጥንቱን ጎማ እንደ ምንም መልሼ፣ የፍሬኑን ብሎን በጣቴ ብቻ አዙሬ ተፈተለክሁ። እራት ላይ ትዝ አለኝ። «ዘይነባ ታጠብቀዋለች» አልኩና ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ።

በማግስቱ የሠርግ ልብስ መድረስ ነበረበት። «ቶሎ በይ፣ ሙሽራዋ በር ላይ ቆማለች!» እያሉ አባቷ አጣደፏት፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሎን ሳታይ ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከዳት፣ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላተመች፣ ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰበረ።

ወጌሻው አስሮላት ስትመለስ ሰፈሩ ግቢያቸው ሞላ። «ሁለተኛ ሳይክል ላይ እንዳላይሽ!» አሉ ጋሽ ሰይድ። እሷም አንገቷን ደፍታ «ብሎኑን ሳላይ ወጥቼ ነው አባዬ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አይዞሽ!» ያለው ማን ይመስላችኋል? እኔ። ሳይክሏ ተሸጠች፤ ዘይነባም ከዚያ ወዲህ ፔዳል አልረገጠችም።

ሰፈሩ ፈረሰ፤ ጋሽ ሰይድ አረፉ፤ የዘለልኩት አጥር የት ጋ እንደነበር እንኳ ዛሬ ማሳየት አልችልም። አምና የድሮ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ከዘይነባ ጎን ተቀመጥኩ። «አንተ ግርማ፣ ያኔ እንደ ወፍ የበረርኩት ትዝ ይልሃል?» ብላ ሳቀች። «አንድ ቀን ሳላይ ብወጣ አላህ ቀጣኝ። የልጅ ልጆቼን የምመክረው በዚህ ነው፤ እንደ እኔ ዝርክርክ አትሁኑ እላቸዋለሁ።»

አብሬያት ሳቅሁ። አፌ ድረስ የመጣውን ከንፍሮው ጋር ዋጥኩት።

ያለብኝ አንዲት አጭር ቃል ናት፤ «ዝርክርኩ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ። በስልክ ይቀለኛል ብዬ ቁጥሯን ጠየቅኋት። እስክሪብቶዬን ተቀብላ፣ ቀኟን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ በግራ እጇ ጻፈችልኝ። እስካሁን አልደወልኩም።