የበያጁ ልጅ ትኩሳት

በያጁ ሰው የሚያምን ሰው አልነበረም። ወርክሾፑን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል፤ ምሳውን እንኳ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይበላል። ሙያው ያስተማረውን ግን ከልቡ ያምናል፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰውን ያተኩሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ወተት ጠጥተው ካደሩ ግን ጠዋት ይለቃል። እርሱንም ብዙ ጊዜ አንቀጥቅጦ ለቆታል።

ስለዚህ ትንሿ ልጁ ከወርክሾፑ ደጃፍ ስትጫወት ውላ ትኩሳት ሲይዛት፣ «ጭሱ ነው፤ ወተት ስጫት» ብሎ ፈረደ።

«አንተ ሰውዬ፣ የጎረቤቱ ልጅ ሁሉ በጉንፋን ተኝቷል እኮ! ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች ሚስቱ።

«ሐኪም መርፌውን ሊሸጥ ነው እንጂ ስለ ጭስ ምን ያውቃል? ለእኔ ተዪው!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቱ ከአልጋዋ ዘላ ወረደች። ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። «ሰዎቹን አስወጧቸው!» እያለች ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ አባቷ ሊይዛት ሲጠጋ አውራ ጣቱን እስኪደማ ነከሰችው። ወዲያው ድርቅ ብላ ወደቀች፤ ጭንቅላቷ ከወለሉ ጋር ይላተም ጀመር። እርሱም ምላሷን እንዳትቆርጥ ብሎ ማንኪያ በግድ ሲሰነቅርባት ጥርሷ ተሰበረ፤ ደም አፏን ሞላው።

«ገደልካት!» ሚስቱ በወተቱ ጆግ ግንባሩን ፈነከተችው። ልጇን ነጥቃ ወደ ጎዳናው ስትሮጥ እርሱም ደሙን እየጠረገ ተከተላት።

«ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ከባዱ ጉንፋን። አልፎ አልፎ በልጆች ላይ አንጎልን ይጎዳል» አለች ሆስፒታል ውስጥ ልጅቱን የመረመረቻት ሐኪም። «ምነው ትናንት ባመጣችኋት!»

በያጁ ኮሌታዋን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። «በጉንፋን አንጎል ይነካል ብለሽ ማንን ልታሞኚ ነው?»

የሆስፒታሉ ዘበኛ ሮጦ ደርሶ ክንዱን ጠምዝዞ በፊቱ ደፋው። «ወንድሜ፣ ጉልበትህን ለብረትህ አስቀምጠው!»

«ያውጡልኝ» አለች ሚስቱ፣ ዞር ብላ ሳታየው።

ከዚያ ወዲያ ውሎው ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆነ። አንድ ቀን ሚስቱ ወጣች፤ ፊቷ ገርጥቷል።

«ነቅታለች። ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ ብሏታል።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሟ።»

አላመነም፤ «ራሴ ልያት» አለ። ዘበኛው ከኋላው ቀበቶውን ይዞ አስገባው። በያጁ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከና ሌባ ጣቱን በልጁ ቀኝ መዳፍ ላይ አኖረ።

«እስቲ ጨብጪኝ፣ እናቴ። በደንብ።»

«ጨበጥኩህ እኮ፣ አባዬ» አለችው።

ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም።